ባለቤት ያጣ ሣር

በሃዋይ ደሴቶች ዳርቻ ወደ 400 የሚጠጉ የአደጋ ማስጠንቀቂያ ሳይረኖች ተተክለዋል። ሰማንያዎቹ ማዊ በምትባለው ደሴት ላይ ናቸው። በየወሩ መግቢያ ይሞከራሉ፤ የደሴቲቱ ልጅ ድምፃቸውን የሚለየው ፊደል ሳይቆጥር ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር፣ በዚህ ዲስኩር የሚጠቀሰው ዘመን በአብዛኛው በዚያው ነው፣ ኦገስት 8 ቀን 2023 ላሃይና የተባለችው የማዊ ከተማ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ አመድ ስትሆን ግን አንዱም ሳይረን አልጮኸም። 102 ሰው ሞተ። ከ2,200 በላይ ቤትና ሕንፃ ነደደ ወይም ተጎዳ።

ከሳምንት በኋላ የደሴቲቱ የአደጋ ጊዜ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ጋዜጠኞች ፊት ቀርበው ለምን ተብለው ተጠየቁ። መልሳቸው ይህ ነበር፦ ሕዝቡ ሳይረን የለመደው ለሱናሚ ነው፤ ቢጮኽ ሰው ከባሕሩ ሸሽቶ ወደ ተራራው ይሮጣል፤ እሳቱ ደግሞ ይወርድ የነበረው ከተራራው ነው። በማግስቱ ሥራቸውን ለቀቁ። መልሱ ብዙ ሰው አስቆጥቷል፤ ቁጣውም ተገቢ ነው፤ ሳይረን የሰማ ሰው ቢያንስ ከቤቱ ብቅ ብሎ ጭሱን ባየ ነበር። ቢሆንም ሰውየው ምናልባት ሳያስቡት አንድ እውነት ተናግረዋል። ደሴቲቱ ዘመኗን ሁሉ ዓይኗን ባሕሩ ላይ ተክላ ስትጠብቅ፣ ጀርባዋን የሚጠብቅላት አልነበረም።

የዛሬው ዲስኩር ስለዚያ ጀርባ ነው። የደሴት ገጠር ከሰደድ እሳት መትረፍ አለመትረፉ በአብዛኛው የሚወሰነው ምንም በማይነድባቸው ዓመታት ነው፤ ዳገቱን ማን ያርሰዋል፣ ማን ያግጠዋል፣ ማን ይጠርገዋል፣ የአጥሩ ቁልፍስ በማን እጅ ነው በሚሉ አሰልቺ ጥያቄዎች።

ላሃይናን ዛሬ በፎቶ የሚያይ ሰው ዱሮም ደረቅና ሣራማ አገር ትመስለዋለች። አልነበረችም። እስከ 1845 ድረስ የሃዋይ ነገሥታት መናገሻ ነበረች። መሃሏ ላይ ሞኩሂኒያ የሚባል ኩሬ፣ በኩሬው ውስጥ ሞኩኡላ የምትባል ትንሽ ደሴት ነበረች፤ ንጉሥ ሣልሳዊ ካሜሃሜሃ የኖሩት እዚያች ላይ ነው። ከተራራው የሚወርደው ጅረት በቦይ እየተከፈለ የታሮ ማሳ ያጠጣ ነበር። ታሮ የኛ የደቡብ ሰው ጎደሬ ብሎ ቀቅሎ የሚበላው ያው ሥር ነው፤ በሃዋይ ውሃ በቆመበት ማሳ ያበቅሉታል። መሬቱ የተከፋፈለው ከተራራ ጫፍ እስከ ባሕሩ በሚወርድ ቁራጭ ቁራጭ ርስት ሲሆን አሁፑአአ ይሉታል። አንዱ ማኅበረሰብ እላይ እንጨቱን፣ መሃል ላይ ጎደሬውን፣ እታች ዓሣውን ከዚያው ከራሱ ርስት ያገኛል። ስለዚህ ዳገቱ የማንም ያልሆነ መሬት አልነበረም፤ እታች ባሕር ዳር ያለው ሰው ኑሮ ከላይ ከሚሆነው ጋር የታሰረ ነው።

ከዚያ ስኳር መጣ። ፓዮኒር ሚል የተባለው ፋብሪካ በ1860 ሥራ ጀምሮ ውሃውን ወደ አገዳው አዞረ፤ ኩሬው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ተደፍኖ የኳስ ሜዳ ሆነ። የስኳሩን ዘመን ለማሞገስ የሚነሣ ካለ ይጠንቀቅ፤ የብዙ ሰው ውሃ ተነጥቆበታል፤ እርሻው ራሱ ከአጨዳ በፊት አገዳውን በእሳት ያቃጥል ነበር። ነገር ግን በዳገቱ ላይ ሰው ነበረ። መስኖው መሬቱን ያረጥበዋል። የማሳ መንገድ የሚጠርግ ሠራተኛ፣ ውሃ የሚያመላልስ ቦቴ፣ አፈር የሚገፋ ዶዘር እዚያው አለ፤ እሳት ሲነሣ ቀድሞ የሚደርሰውም ይኸው ነበር። ፓዮኒር ሚል በ1999 ተዘጋ። በዚያችው ደሴት የነበረው ሌላ ትልቅ እርሻ፣ ወደ 14,500 ሄክታር የሚሸፍነው፣ በ2016 የመጨረሻ አገዳውን አጭዶ ሲዘጋ በመላው ሃዋይ ስኳር አበቃ።

ባዶውን መሬት የወረሰው ሣር ነው። ሣሩ ደግሞ ከኛው አህጉር የሄደ ነው። ጊኒ ሣር እና በፈል ሣር የሚባሉት ሁለቱም አፍሪካዊ ናቸው፤ ባሕር ተሻግረው የተወሰዱት ለከብት መኖ ነበር። እዚህ አገራቸው በላተኛ አላቸው፤ ከብቱም ፍየሉም የዱር እንስሳውም ያግጣቸዋል፤ እሳት ቢያልፍባቸውም ከሥራቸው ያቆጠቁጣሉ። በማዊ ዳገት ላይ ግን በላተኛ አላገኙም። በዝናብ ወራት ጊኒ ሣር ከሰው ቁመት በላይ ያድጋል፤ በበጋ ቆሞ ይደርቃል። የሃዋይ አገር በቀል ዛፎች ከእሳት ጋር አብረው ያላደጉ በመሆናቸው አንዴ ከተቃጠሉ ብዙዎቹ አይመለሱም። ቀድሞ የሚመለሰው ሣሩ ነው። እንዲህ እያለ እሳቱ ሣሩን ያሰፋል፣ ሣሩም የሚቀጥለውን እሳት ይቀልባል። ዛሬ ከሃዋይ መሬት ሩብ ያህሉ እንዲህ ባለ መጤ ሣርና ቁጥቋጦ ተይዟል። በዓመት የሚቃጠለው የመሬት ድርሻ በእሳት ስማቸው ከገነነ የአሜሪካ ምዕራባዊ ግዛቶች ጋር የሚፎካከር ነው፤ ይህን ሲሰማ የማይደነግጥ ቱሪስት የለም። ከመቶ ዘጠና ስምንቱ እሳት ደግሞ የሚነሣው በሰው ምክንያት ነው፦ በኤሌክትሪክ ሽቦ፣ በመኪና፣ በቆሻሻ ማቃጠል፣ በማገዶ።

ታዲያ ማንም አላወቀም ነበር? ታውቋል። የሃዋይ የሰደድ እሳት አስተዳደር ድርጅት የተባለው በጎ አድራጎት ማኅበር በ2014 ለምዕራብ ማዊ የማኅበረሰብ የመከላከያ ዕቅድ አዘጋጅቶ ላሃይናን ከፍተኛ አደጋ ካለባቸው ሥፍራዎች መድቧታል። በ2018 ሌን የተባለው አውሎ ነፋስ በአቅራቢያ ሲያልፍ ከላሃይና በላይ ያለው ሣር ነዶ ሃያ ያህል ቤት በልቷል። የሃዋይ ዩኒቨርሲቲው የሰደድ እሳት ባለሙያ ክሌይ ትራወርኒክት ለዓመታት ሲሉ የኖሩትም ነፋሱንና ድርቁን ማንም ሊያዝዘው እንደማይችል፣ በሰው እጅ ያለው ሣሩ ብቻ እንደሆነ ነው። ዕቅዱ ነበረ፤ ማስጠንቀቂያው ነበረ፤ ለሣሩ ማጨጃ በቂ በጀት የያዘ ግን አልነበረም።

ኦገስት 8 ቀን 2023 ጠዋት ዶራ የተባለች ሀሪኬን ከደሴቶቹ በስተ ደቡብ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቃ ታልፋለች፤ በሰሜን ደግሞ ከፍተኛ የአየር ግፊት ተቀምጧል። በሁለቱ መካከል የተፈጠረው ነፋስ በሰዓት ወደ 100 ኪሎ ሜትር እየከነፈ ከተራራው ወደ ከተማው ወረደ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ የተበጠሰ የኤሌክትሪክ ሽቦ ከላሃይና ከፍ ብሎ ሣር አያያዘ። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ደርሰው አጠፉት፤ እስከ ከሰዓት በኋላ ቆይተውም ውሃ አጠጡት፤ ጭስ ሲያጡ ወደ ሌላ ጥሪ ሄዱ። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል ከዚያው ሥፍራ እሳት ተነሣ። የማዊ ካውንቲ የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤትና የፌዴራሉ የአልኮል፣ የትምባሆ፣ የጦር መሣሪያና የፈንጂ ቢሮ በ2024 ባወጡት የምርመራ ውጤት የከሰዓቱ እሳት ከጠዋቱ ፍም የተነሣ ነው ብለው ደምድመዋል።

ከዚያ በኋላ የሆነው የደሴት ታሪክ ነው። ማዊንና ሁለቱን ጎረቤቶቿን፣ ሞሎካይንና ላናይን፣ ጨምሮ በአንድ ጊዜ በሥራ ላይ የሚገኙት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ቢበዛ 65 ነበሩ። በዚያው ቀን ኩላ በተባለው ደጋ አገርም እሳት ስለተነሣ ኃይሉ ተከፍሏል። በአህጉር ላይ ቢሆን ኖሮ ከአጎራባች ከተማ መኪና ይጠራል፤ እዚህ አጎራባቹ ውቅያኖስ ነው። ሄሊኮፕተሩ በነፋሱ ምክንያት አልተነሣም። ቤቶች ሲነዱ የውስጥ ቧንቧቸው እየፈነዳ ውሃው በየቦታው ስለፈሰሰ፣ የመኪኖቹ መቅጃ ቧንቧ ግፊት አጣ። ዋናው መንገድ በወደቁ ምሰሶዎች ተዘጋ፤ ከከተማው የሚያወጡ የአፈር መንገዶች ነበሩ፤ አንዳንዶቹ የግል መሬት ላይ ስለሆኑ በራቸው ተቆልፏል። መውጫ ያጡ ሰዎች ባሕር ውስጥ ዘለው ለሰዓታት ቆዩ። ከሞቱት አብዛኞቹ ከ60 ዓመት በላይ የሆኑ ናቸው፤ ብዙዎቹ ቤታቸው ውስጥ ወይም በቤታቸው አጠገብ ቀርተዋል።

በዚያ ሁሉ አመድ መካከል ቀይ ጣሪያ ያለው አንድ አሮጌ የእንጨት ቤት ቆሞ መታየቱ ዓለምን አስገርሟል። ተአምር ነው ያሉ አሉ። ባለቤቶቹ ቤቱን ሲያድሱ ጣሪያውን በቆርቆሮ ለውጠውታል፤ በግድግዳው ዙሪያ የነበረውን ተክል ነቅለው በምትኩ የወንዝ ድንጋይ አንጥፈዋል። ድንጋዩን ያነጠፉት ምስጥ እንዳይገባ እንጂ እሳት ትዝ ብሏቸው አልነበረም። የአሜሪካ የደን አገልግሎት ተመራማሪ የነበሩት ጃክ ኮኸን ደጋግመው ያስረዱት ነገርም ይኸው ነው፦ ቤት በአብዛኛው የሚያያዘው ከግዙፉ ነበልባል አይደለም፤ በነፋስ ተሸክሞ ከሩቅ የሚመጣ ፍም በጣሪያ ስንጥቅ ሲገባ፣ በአሸንዳ ውስጥ በተከማቸ ቅጠል ላይ ሲወድቅ፣ በግድግዳው ሥር የተደገፈ ማገዶ ሲያገኝ ነው። ከግድግዳው አንድ ሜትር ተኩል ያህል ዙሪያውን ምንም የሚነድ ነገር ካልተገኘ ፍሙ ወድቆ ይጠፋል። ርካሽ ዘዴ ነው። ችግሩ፣ ቤቶች ጥግ ለጥግ በተሠሩበት መንደር አንዱ ጠርጎ ጎረቤቱ ካልጠረገ የጎረቤቱ ቤት ራሱ ማገዶ መሆኑ ነው።

ከማዊ ወጥተን ሌላ ደሴት እንይ፤ አውስትራሊያ ውስጥ ካንጋሩ ደሴት አለች። ስፋቷ ወደ 4,400 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ የሚኖርባት ሕዝብ 5,000 ገደማ። ከዋናው ምድር ወደ እሷ የሚያደርሰው ጀልባ 45 ደቂቃ ይወስዳል። በ2019 መጨረሻና በ2020 መጀመሪያ በመብረቅ የተነሣው እሳት ከ210,000 ሄክታር በላይ፣ ማለትም የደሴቲቱን ግማሽ ያህል፣ በላ። ሁለት ሰዎች ሞቱ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ በጎች አለቁ። ለወረቀት ፋብሪካ ተብሎ በብዛት የተተከለው ባሕር ዛፍም ነደደ፤ የባሕር ዛፍ ቅጠል በእሳት እንዴት እንደሚፈነዳ ለኢትዮጵያዊ ማስረዳት አያሻም።

ካንጋሩ ደሴት ላይ ግን ማዊ ያጣችው ነገር ነበረ። ገበሬዎቿ ከፒክአፓቸው ጀርባ ላይ የውሃ ታንከርና ፓምፕ ጭነው መሄድ የቆየ ልማዳቸው ነው። የመንግሥት መኪና እስኪደርስ አይጠብቁም፤ ጎረቤት ጎረቤቱን በሬዲዮ ይጣራል። ከጦር ሠራዊት ተጠባባቂዎች መምጣት በፊት ብዙ ቤትና በረት ያዳኑት እነሱ ናቸው። ይህ ያለ ችግር አይደለም፤ ዩኒፎርም የለበሰውና ያልለበሰው አንድ እሳት ላይ ሲገናኙ ማን ማንን ያዝዛል የሚለው ያጋጫል፣ ሰውም ለአደጋ ይጋለጣል። ደቡብ አውስትራሊያ የገበሬ ፒክአፖች ከእሳት አደጋ አገልግሎቱ ጋር እንዴት ተናብበው እንደሚሠሩ መመሪያ ማውጣቷ ገበሬውን ከማባረር የተሻለ ጥበብ ነው።

በግሪኳ ኤቪያ ደሴት ይኸው ክርክር መራራ ሆኗል። በ2018 ከአቴንስ አጠገብ ማቲ በተባለች የባሕር ዳር መንደር 104 ሰዎች በእሳት ካለቁ በኋላ የግሪክ መንግሥት ቆረጠ፤ እሳት ሲቃረብ በ112 የስልክ መልእክት መንደሩን ሁሉ ማስወጣት። በኦገስት 2021 ሰሜን ኤቪያ ሲነድ ሰዎች ከሊምኒና ከፔፍኪ ዳርቻ ቀይ ሰማይ ሥር በጀልባ ሲጫኑ ዓለም በቴሌቪዥን አይቷል። ነፍስ ማትረፉ ትክክል ነው። ደኑ ግን ወደ 50,000 ሄክታር ያህል ተቃጠለ። አንዳንድ መንደሮች፣ በተለይ ወጣቶቻቸው፣ አንወጣም ብለው በቅርንጫፍና በትራክተር ተዋግተው ቤታቸውን አድነዋል። ዛሬም በኤቪያ ቡና ቤቶች የሚነሣው ጥያቄ ሁሉም ቢቀሩ ኖሮ ምን ይተርፍ ነበር የሚለው ነው።

የሰሜን ኤቪያ ሰው ብዙው የሚኖረው ከጥዱ ሙጫ በማፍሰስ፣ ከጥዱ ላይ በሚሰበሰብ ማርና በእንጨት ነበር። ሙጫ አፍሳሹ በየዛፉ ግንድ ሥር ይመላለሳል፤ የእግር መንገዱን ይከፍታል፤ ጭስ ቢነሣ የትኛው ሸለቆ እንደሆነ በማሽተት ይለየዋል። ከእሳቱ በኋላ ሙጫ የሚፈስበት ጥድ ስላልቀረ ከነዚሁ ሰዎች ብዙዎቹ በመንግሥት ገንዘብ የተቃጠሉትን ግንዶች በዳገቱ ላይ አግድም እያጋደሙ አፈሩ በክረምት እንዳይጠረግ ማገጃ ሠርተዋል። ጥሩ ሥራ ነው። ከእሳቱ በፊት ለዚሁ ሰው ለጥርጊያ የሚከፈለው ቢኖር ኖሮ ወጪው ከዚህ ባነሰ ነበር።

ወደ ማዊ እንመለስ፤ ምክንያቱም ከላሃይና ይልቅ ብዙ ትምህርት ያለው በዚያው ቀን በነደደችው ኩላ ነው። ኩላ ገደላማ ደጋ ናት። ገደሎቿን የሞላው ባሕር ዛፍና ብላክ ዋትል የሚባል ግራር ነው፤ ይህ ዛፍ የአዊ ገበሬ ለከሰል ተክሎ ኑሮውን ያሻሻለበት የዲከረንስ የቅርብ ዘመድ ነው። በአዊ ተክለው ይቆርጡታል፤ በኩላ ቆራጭ ስለሌለው ጫካ ሆኗል። ልዩነቱ ዛፉ ላይ የለም። ከእሳቱ በኋላ የኩላ ነዋሪዎች የተፋሰስ ኅብረት መሥርተው በየግል መሬታቸው አጥር ሳይገደቡ የተቃጠለውን ዛፍ እየቆረጡ፣ እየፈጩ፣ ፍርፋሪውን አፈር እንዲይዝ ገደሉ ላይ እየነሰነሱ፣ አገር በቀል ችግኝ እየተከሉ ነው። ዋትሉ በዘሩ እንደገና በብዛት ስለሚበቅል ሥራው በአንድ በጋ የሚያልቅ አይደለም።

በትልቁ የሃዋይ ደሴት ደግሞ የዋይኮሎዋ ቪሌጅ ነዋሪዎች በ2005 ወደ 10,000 ሄክታር የሚጠጋ ሣር ከነደደና መንደሩ በሙሉ ከወጣ ወዲህ እሳትን የዘወትር ጉዳያቸው አድርገውታል። ከመንደሩ አጠገብ ያለውን ዊሊዊሊ የተባለ አገር በቀል ዛፍ የሚገኝበትን ደረቅ ደን አጥረው፣ ሣሩን እያጨዱ፣ ችግኝ እያፈሉ ይጠብቁታል። ፑኡ ዋአዋአ በተባለው የመንግሥት መሬት ደግሞ ከብት ሆን ተብሎ ሣሩን እንዲያሳንስ ይሰማራል። ከብት ደን ያጠፋል ብለው የሚቃወሙ የአካባቢ ተቆርቋሪዎች አሉ፤ በአገር በቀል ደን ውስጥ ከሆነ እውነታቸውን ነው። መጤ ሣር በወረሰው ሜዳ ላይ ግን ከላም የተሻለ ማጨጃ ማቅረብ ይቸግራቸዋል።

የገንዘቡ ሒሳብም ይታይ። በላሃይና ጉዳይ በ2024 የተደረሰው ስምምነት አራት ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ከከፋዮቹ መካከል የኤሌክትሪክ ኩባንያው፣ ግዛቱና ካውንቲው ብቻ ሳይሆኑ ሣራማዎቹን ዳገቶች የያዙ ባለመሬቶችም አሉበት። መሬት ይዞ ሣሩን መተው ነፃ እንዳልሆነ የተቆጠረበት ስምምነት በመሆኑ ከገንዘቡ መጠን ይልቅ ይህ ያመዝናል። የኤሌክትሪክ ኩባንያው በበኩሉ ነፋስ ሲበረታ መብራት አስቀድሞ የማጥፋት አሠራር የጀመረው በጁላይ 2024 ነው። ላሃይና ከነደደች ከ11 ወር በኋላ ማለት ነው።

ደሴት ለመሆን የግድ በባሕር መከበብ አያስፈልግም። በኛ አቆጣጠር በ2011 ዓ.ም. ሚያዝያ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሲነድ የአካባቢው ገበሬ በቅጠልና በአፈር ሲታገል ሄሊኮፕተር የመጣው ከኬንያ፣ ባለሙያ የመጣው ከእስራኤል ነበር። እርዳታው የሚመሰገን ነው። እስኪደርስ ግን ዳገቱን የያዘው ገበሬው ነው።

እዚህ ከተቀመጡት መካከል፣ ወይም ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡት መካከል፣ በካሊፎርኒያ፣ በኮሎራዶ፣ በግሪክ ወይም በአውስትራሊያ ዳገት ሥር ቤት የገዙ ወገኖች አሉ። በመጪው ቅዳሜ ከግድግዳው ሥር አንድ ሜትር ተኩሉን ይጥረጉ፤ አሸንዳውን ያጽዱ። ከዚያም በግራና በቀኝ ያለውን ጎረቤት በር አንኳኩተው ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ መኪና የሌላቸው አረጋዊ በየትኛው ቤት ይኖራሉ፤ ከመንደሩ በስተጀርባ ያለው የተቆለፈ የአፈር መንገድ ቁልፍስ በማን እጅ ነው።